ሐይቁን ለማዳን መጀመሪያ ከሐይቁ ራቁ

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። «የከተማችን አስተዳደር ሐይቁን የሚያድን ፕሮጀክት ጀመርኩ የሚል ዜና አውጥቷል። መሃሉ ላይ ፏፏቴ ይተከላል፣ አየር የሚነፋ ማሽን ይገባል፣ ዳርቻው በዘመቻ ይጸዳል ይላል። ሐይቁ ሙቀት በመጣ ቁጥር አረንጓዴ ቀለም የደፉበት ይመስላል። ይሸታል። በቅርቡ አንድ ጠዋት ዓሣው ሞቶ ተንሳፎ አገኘነው። ይሄ ፕሮጀክት ያድነዋል? የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠርተናል፣ ምን ብለን እንጠይቅ?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የታሰበው ይህ ብቻ ከሆነ አያድነውም። ፏፏቴው ያምራል፣ ማታ መብራት ሲበራበት ደግሞ ይበልጥ ያምራል። የሐይቁ በሽታ ግን ከላይ ነው የሚመጣው። ከሰፈሩ፣ ከመንገዱ፣ ከቱቦው እየወረደ።

ይህን ስል ከማንም በልጬ አይደለም። እኔም ተሸውጄበታለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ከተማ ሐይቃችን ሸተተ ብሎ ጠራን። ስሙ ይቅር። እኔም በወጣት ድፍረት አየር የሚነፉ ማሽኖች ይተከሉ ብዬ ፈረምኩ። ተተከሉ፣ ሪባን ተቆረጠ። በመጀመሪያው ዓመት ሽታው ቀነሰና ሁሉም አጨበጨበ። በሁለተኛው ዓመት ለካ የመብራት ወጪውን በጀት ላይ የያዘው ሰው የለም፣ ማሽኖቹ በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ይሠሩ ጀመር። በሦስተኛው አንዱ ተቃጠለ፣ መለዋወጫ ታጣ። ሐይቁም ወደ ድሮው አረንጓዴ ተመለሰ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ የሚባለውን ተረት ሰዎች እንደ ተረት ይናገሩታል፣ እኔ ግን ደሞዝ እየተከፈለኝ ሠርቼዋለሁ።

ያኔ ነው አለቃዬ «ቦቲ ጫማ አድርግና ና» ብሎ የቱቦውን መስመር ተከትለን ወደ ላይ የወሰደኝ። ከዘነበ ከሳምንት በላይ ሆኖታል፣ መንገዱ አቧራ ነው። የዝናብ ውሃ ማውረጃው ቱቦ ግን ይፈሳል። ብዙ አይደለም፣ የእጅ ውፍረት ያህላል። ጓንቴን አድርጌ እጄን ሰደድኩበት፣ ለብ ያለ ነው። አፉ ላይ ነጭ አረፋ ተሰብስቧል፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እንደ ቆሻሻ ጥጥ የመሰለ ግራጫ ዝልግልግ ነገር ተለጥፏል። አለቃዬ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ። «ዝናብ የለም። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?» ከሰው ቤት ነበር የመጣው። ከመታጠቢያው፣ ከኩሽናው፣ ከአንዳንዱም ከሽንት ቤቱ። ለዝናብ በተሠራ ቱቦ ላይ የተቀጠለ ፍሳሽ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ከተማ ሐይቄን እይልኝ ሲለኝ መጀመሪያ ከሐይቁ ርቄ ነው የምጀምረው።

አሁን ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። ሐይቃችሁን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ነው፣ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ደቃቅ ነገር። አልጌ የሚፈልገው ብርሃን፣ ሙቀትና ምግብ ነው። ብርሃኑንና ሙቀቱን ከንቲባው ሊያግደው አይችልም። ምግቡን ግን ይችላል። ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ አልጌ ሰውነቱ ቢመረመር፣ በአማካይ ለ1 የፎስፈረስ አቶም 16 ናይትሮጅንና 106 ካርቦን ይገኝበታል። ካርቦኑን ከአየር ያገኛል። ናይትሮጅኑንም አንዳንዶቹ ዝርያዎች ከአየር ይወስዱታል። ፎስፈረስ ግን እንዲህ ከአየር የሚቀዳ ነገር አይደለም፣ ከመሬት ታጥቦ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በአብዛኞቹ ጨው አልባ ሐይቆች ላይ ልጓሙን የያዘው እሱ ነው። 1 ግራም ፎስፈረስ እስከ 500 ግራም እርጥብ አልጌ ሊያበቅል ይችላል። በጣት ጫፍ የሚነሳ ነገር ግማሽ ኪሎ አረንጓዴ አተላ ይሆናል ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ፣ የሐይቅ ተመራማሪው ዴቪድ ሺንድለርና ባልደረቦቹ 226 ተብሎ በቁጥር የሚጠራ አንድ ትንሽ ሐይቅ ወገቡ ላይ በመጋረጃ ለሁለት ከፈሉት። በአንዱ ጎን ካርቦንና ናይትሮጅን ጨመሩ። በሌላው ጎን ካርቦን፣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። ፎስፈረስ የገባበት ጎን አረንጓዴ ሆነ፣ ሌላው ጥቁር ውሃ እንደሆነ ቀረ። ከአየር የተነሳውን ፎቶ ያየ የምክር ቤት አባል ከዚያ በኋላ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። በነገራችን ላይ ያኔ የሳሙና አምራቾች ጥፋቱ የካርቦን ነው፣ የኛ ሳሙና ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ማለትም ፎስፈረሱ፣ ምንም አላደረገ እያሉ ይከራከሩ ነበር። የዚያ ፎቶ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ፎስፈረሱ ከየት ይመጣል? ከሰው እዳሪ፣ ከአንዳንድ የማጠቢያ ዱቄት፣ ከማዳበሪያ፣ ከእንስሳት ፍግ። ግንባታ ቦታ ላይ ከተቆለለና ዝናብ ከሚያጥበው አፈርም ይመጣል፣ ምክንያቱም ፎስፈረስ አፈር ላይ ተጣብቆ መጓዝ ይወዳል። ሰው የማይጠረጥረው ደግሞ ቅጠል ነው። የረገፈ ቅጠል አስፋልት ላይ ዝናብ ሲያገኘው እንደ ሻይ ይዘፈዘፋል፣ ያ «ሻይ» በቱቦው ቀጥ ብሎ ሐይቅ ይገባል። አሜሪካ ውስጥ ማዲሰን ከተማ ላይ ተለክቶ በ2016 የታተመ አንድ ጥናት፣ ቅጠሉ በየሳምንቱ በተነሳበትና መንገዱ በተጠረገበት ሰፈር፣ በቅጠል መርገፊያው ወቅት ከመንገድ የሚወርደው ፎስፈረስ በ84 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በመጥረጊያ! ይህን ለአንድ ከተማ የጽዳት ክፍል ስነግር ሰዎቹ ቀና ብለው አዩኝ። ስለ ሐይቅ ሲወራ እነሱን የጠራቸው ሰው አልነበረም።

የተሳካለት ከተማ አለ ወይ ካልከኝ፣ አለ። አሜሪካ ውስጥ፣ የሲያትል ከተማው ዋሽንግተን ሐይቅ። በ1950ዎቹ ዙሪያውን ያሉ ማጣሪያ ጣቢያዎች የታከመ ፍሳሻቸውን እዚያው ሐይቁ ውስጥ ይለቁ ነበር። ታክሟል ሲባል ቆሻሻው ወጥቷል ማለት ነው እንጂ ፎስፈረሱ ወጥቷል ማለት አይደለም። ይህችን ልብ በልልኝ፣ ከተሞች «ፍሳሻችን ይጣራል» ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው እዚህ ጋ ነው። በ1955 ኤድመንድሰን የተባለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሰው ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ለአደጋ ምልክት የሚሆን አልጌ አገኘ። ፍሳሹን ከሐይቁ ለማዞር ከተሞቹ በጋራ ይሥሩ የሚል ሐሳብ ለድምፅ ቀረበ። በመጋቢት 1958 ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ሐሳቡ ወደቀ፣ ምክንያቱም ሲያትል ብትደግፈውም ዙሪያዋ ያሉት ትንንሾቹ ከተሞች እምቢ አሉ። ሐሳቡን አጥብበው በመስከረም መልሰው አቀረቡት፣ አለፈ። ፍሳሹን ከሐይቁ የማዞር ሥራ በ1963 ተጀምሮ በ1968 አለቀ። በውሃው ውስጥ ወደ 1 ሜትር ብቻ ይታይ የነበረው ነገር ከዓመታት በኋላ ብዙ ሜትር ወደ ታች ይታይ ጀመር። መሃሉ ላይ ፏፏቴ አልተከሉም። ቱቦውን ነው ያዞሩት።

እዚህ ላይ ጨርሼ ብሄድ ግን ግማሹን እውነት ነግሬህ ነው የምሄደው። ዋሽንግተን ጥልቅ ነው፣ ውሃውም በጥቂት ዓመታት ይታደሳል። ጥልቀት የሌለውና ለረዥም ዘመን ቆሻሻ ሲጠጣ የኖረ ሐይቅ እንዲህ ቶሎ አይመለስም። ስዊድን ውስጥ ቬክሾ የምትባል ከተማ ትሩመን የሚባል ሐይቅ አላት። ፍሳሹን በ1950ዎቹ መጨረሻ አስወጡለት። አሥር ዓመት ጠበቁ። ምንም! ሐይቁ ያው አረንጓዴ። ለካ ወለሉ ላይ የተከማቸው ዝቃጭ እንደ ጎተራ ሆኗል፣ ከላይ ማስገባቱ ቢቆምም ከታች ማውጣቱን አላቆመም። በ1970 እና በ1971 በጋ ላይ የላይኛውን ወደ 1 ሜትር የሚጠጋ ዝቃጭ መጥጠው አወጡት፣ ያኔ ዳነ። ቅደም ተከተሉን አየኸው? መጀመሪያ ቱቦው፣ ቀጥሎ ወለሉ። ገልብጠህ ብትሠራው ዝቃጩን አውጥተህ ለአዲስ ዝቃጭ ቦታ አዘጋጀህ ማለት ነው።

ጎተራው እንዴት ነው የሚከፈተው? ዝቃጩ ውስጥ ፎስፈረሱን አስሮ የሚይዘው በብዛት ብረት ነው። ብረት የሚያስረው ኦክስጅን እስካለ ድረስ ነው። ሙቀት ሲመጣ የላይኛው ውሃ ይሞቅና ይቀላል፣ የታችኛው ቀዝቃዛና ከባድ ሆኖ ይቀራል፣ ሁለቱም እንደ ዘይትና ውሃ ተለያይተው ይከርማሉ። ከላይ የሞተው አልጌ ወደ ታች ይዘንባል፣ ባክቴሪያ ሲያበሰብሰው ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ብረቱ ይለቃል፣ ፎስፈረሱ ይወጣል፣ ነፋስ ውሃውን ሲያማታው ወደ ላይ ይመጣል። አልጌው ይመገባል፣ ይሞታል፣ ይወርዳል። እንደገና ከመጀመሪያው። አንድ ጊዜ ከእንዲህ ያለ ሐይቅ ወለል በረዥም የፕላስቲክ ቱቦ ናሙና ስቤ ጀልባው ላይ ስከፍተው፣ ጭቃው እንደ ቀለጠ ሬንጅ ጥቁር ነበር፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል። እጄን ሁለት ቀን ታጠብኩት፣ አልለቀቀም። አንተ የምትሸተው ሽታ አንዱ ምንጩ ይሄ ነው።

የሞተው ዓሣም እዚህ ይገባል። ሰው ዓሣ ሲሞት «መርዝ ጣሉበት» ይላል። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ያፈነው ራሱ አልጌው ነው። ቀን ቀን በብርሃን ኦክስጅን ያመርታል፣ ሌሊት ግን እንደማንኛችንም ይተነፍሳል። በጣም የወፈረ አልጌ ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅኑን እየወሰደ ይቆይና ሊነጋ ሲል ውሃው ባዶ ይሆናል። ለዚህ ነው በጠዋት ያገኛችሁት። ስለዚህ አንድ ሰው እኩለ ቀን ላይ ለክቶ «ኦክስጅኑ ጥሩ ነው» ቢላችሁ፣ ሊነጋ ሲል ለካህ ወይ በሉት።

ማሽኖቹንና መድኃኒቶቹን በየተራ ላውራቸው። ፏፏቴ የሚረጨው የላይኛውን ውሃ ነው፣ ችግሩ ያለው ከታች፣ ስለዚህ ለትንሽ ኩሬ ካልሆነ ጌጥ ነው። ከወለሉ አየር የሚነፋው ማሽን ይሻላል፣ በልኩ ተሠርቶ ሌሊት ሳይቋረጥ ከሠራ ዓሣ ያድናል፣ ግን በየወሩ መብራት ይበላል፣ ቱቦው እስካልተዘጋ ድረስም መድኃኒት ሳይሆን ማስታገሻ ነው። ከመዳብ የሚሠራውን አልጌ ገዳይ አልወደውም። አልጌውን በአንድ ቀን ይገድለዋል፣ ያ ሁሉ የሞተ ነገር ሲበሰብስ ኦክስጅን ይጨርሳል፣ መርዛማ ዝርያ ከሆነ ውስጡ የነበረውን መርዝ በአንዴ ይለቀዋል፣ መዳቡም ወለሉ ላይ ይቀራል። «አሉም» የሚባለው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የመጠጥ ውሃ ማጣሪያዎች የሚጠቀሙበት ያው የአሉሚኒየም ጨው ነው፣ ፎስፈረስን ይዞ ወለሉ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ኦክስጅን ቢያልቅም እንደ ብረት አይለቀውም። በደንብ ከተሰላ ዓመታት ያገለግላል። ካልተሰላና ውሃው አሲዳማ ከሆነ ግን አሉሚኒየሙ ራሱ ዓሣ ይገድላል፣ ስለዚህ ያለ ላቦራቶሪ የሚሞከር ነገር አይደለም። ቱቦው ሳይዘጋ ከረጩት ደግሞ በላዩ አዲስ ዝቃጭ ይተኛበታል፣ ገንዘቡ ቀለጠ።

የዳርቻ ጽዳት ዘመቻው ይካሄድ፣ ማን ይጠላል። ፕላስቲኩ ይነሳ። ግን ፕላስቲክ ሐይቅን አረንጓዴ አያደርግም። የሚያስከፋኝ በዘመቻው ስም ሸንበቆውና ደንገሉ ሲታጨድ ነው። ሸንበቆው ነው ማዕበሉን የሚሰብረው፣ አፈሩን የሚይዘው፣ ለዓሣ ጫጩት መደበቂያ የሚሆነው። «ዳርቻውን አጸዳን» ተብሎ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ሐይቅ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስለኛል።

ዜናውን እንዴት ታነባለህ? እኔ ግሱን ነው የማየው። «በጀት ተመደበ»፣ «ስምምነት ተፈረመ»፣ «ተመረቀ»፣ «ተጎበኘ»። እነዚህ ሁሉ የሰዎቹን ሥራ ይነግሩኛል፣ የውሃውን ግን አይነግሩኝም። ስለ ውሃው የሚናገር ዜና ቁጥር አለው። ፎስፈረሱ ከዚህ ወደዚህ ወረደ፣ በዓመት ውስጥ አረንጓዴ የሆነባቸው ቀናት ከዚህ ወደዚህ ቀነሱ፣ ይህን ያህል ሕገ ወጥ ቅጥያ ተገኝቶ ይህን ያህሉ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ካገኘህበት ከልባቸው እየሠሩ ነው። ካጣህ ደግሞ ሰዎቹ ሌቦች ናቸው ማለት አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ የለካ ሰው ስለሌለ ነው።

እንግዲህ ስብሰባው ላይ። መጀመሪያ ካርታ ጠይቁ። ወደ ሐይቁ የሚገቡ ቱቦዎችና ቦዮች ሁሉ የተለጠፉበት፣ እያንዳንዱ የትኛውን ሰፈር እንደሚያፈስ የሚያሳይ። ብዙ ከተማ ይህ ካርታ የለውም፣ ወይም አንዱ ክፍል ሣጥን ውስጥ አለና ሌላው አያውቅም። ከሌለ የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ገንዘብ መሄድ ያለበት እዚያ ላይ ነው። ቀጥላችሁ በዓመት ስንት ኪሎ ፎስፈረስ እንደሚገባ፣ ከየት ከየት እንደሚገባ ጠይቁ። እንደ ቤት ወጪ አስቡት፣ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ሳታውቅ ቁጠባ የለም። ግማሹ ከወለሉ ከሆነ ሥራው ሌላ ነው፣ ግማሹ ከአንድ ቱቦ ከሆነ ደግሞ ዕድለኞች ናችሁ።

ከዚያ የማይወደደውን ጥያቄ ጠይቁ። ማሽኑ ከተተከለ በኋላ በአምስተኛው ዓመት መብራቱን ማን ይከፍላል፣ ሲበላሽ ማን ይጠግናል፣ በየትኛው የበጀት ርዕስ? መትከያ ገንዘብ ይገኛል፣ ምርቃት አለውና። የጥገና ገንዘብ ምርቃት የለውም። እኔ ካየኋቸው ከከሸፉ ሐይቆች የሚበዙት በሳይንስ ስህተት አይደለም የከሸፉት፣ በዚህች ርዕስ ነው።

ሌላው ድንበር ነው። ተፋሰሱ፣ ማለትም ዝናቡ ወደ ሐይቁ የሚወርድበት መሬት ሁሉ፣ የአስተዳደር ወሰን አያውቅም። ከላይ ያለው ወረዳ ጥቅሙን ካላየ ለምን ገንዘብ ያወጣል? ፈረንሳይ ውስጥ አኔሲ ሐይቅ ዙሪያ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች በ1957 በአንድ ማኅበር ተደራጅተው ሐይቁን የሚከብ የፍሳሽ መስመር ዘረጉ፣ የሁሉም ፍሳሽ ተሰብስቦ ከሐይቁ ውጪ ይታከማል። ዛሬ ያ ሐይቅ በጥራቱ ነው የሚታወቀው። እናንተ ስብሰባ ላይ ከላይኛው አካባቢ የመጣ ሰው አለ ወይ? ከሌለ ግማሹ ሐይቅ አልተጋበዘም።

ስለ ጤና አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። አረንጓዴው እንደ ፈሰሰ ቀለም ወይም እንደ አተር ሾርባ ከሆነ ሳይኖባክቴሪያ፣ ማለትም አልጌ የሚመስል ባክቴሪያ፣ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንዱም ጉበት የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። ልጆች አይዋኙበት፣ ውሻ አይጠጣበት። ማፍላት አይጠቅምም፣ ውሃው እየተነነ መርዙን እንዲያውም ያጎላዋል። በነሐሴ 2014 በአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ ከኢሪ ሐይቅ የሚቀዳው የቧንቧ ውሃ ውስጥ ይህ መርዝ ተገኝቶ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለሦስት ቀን ያህል ውሃውን እንዳይጠጣ ተነግሮታል። ያች ከተማ ይህ የደረሰባት የውሃ ማጣሪያ እያላት ነው። አስተዳደሩን የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ ትተክላላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ርካሽ ነው፣ ዛሬ ሊሠራ ይችላል።

አንተ ራስህስ? የ20 ሳንቲ ሜትር ክብ ሰሃን ፈልግ፣ ብረት ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ። አራት ቦታ ከፍለህ ሁለቱን ጥቁር ሁለቱን ነጭ ቀባው፣ መሃሉን ብሳና በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ እሰርበት፣ ከሥሩ ክብደት አንጠልጥል። ሴኪ ዲስክ ይባላል። ሴኪ የሚባል ጣሊያናዊ ቄስና የኮከብ ተመራማሪ በ1865 ባሕር ላይ የሞከረው ነገር ነው፣ የኛ ሙያ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ የለውም። በጀልባው ጥላ በኩል ቀስ ብለህ አውርደው፣ የጠፋበትን ጥልቀት መዝግብ፣ መልሰህ ስትስበው የታየበትንም መዝግብ፣ አማካዩን ውሰድ። በየሁለት ሳምንቱ፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ። ከሁለት ዓመት በኋላ አስተዳደሩ «ሐይቁ ተሻሽሏል» ሲል ደብተርህን ትከፍታለህ።

ከስብሰባው በፊት ደግሞ፣ ለሳምንት ያህል ሳይዘንብ ሲቀር ጠብቅና በሐይቁ ዳር ሁለት ሦስት ሆናችሁ ዙሩ። ደርቆ ሳለ የሚፈስ ቱቦ ስታገኙ ፎቶ አንሱ፣ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ አረፋና ሽታ ካለው ጻፉ። እጃችሁን እንደኔ አትክተቱበት። ያገኛችሁትን ላክልኝ፣ የትኛውን ቱቦ መጀመሪያ መከተል እንዳለባችሁ እነግራችኋለሁ።